ዝናብ የማይጠፋበት አገርና የአደጋ ስጋት ልኬት፦ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መጽሐፍ ከኢሉባቦር አንጻር ሲመረመር

በአገራችን የጂኦግራፊ ትምህርት ሲሰጥ መምህሩ አዘውትሮ ከሚጠቀምባቸው ካርታዎች አንዱ የዓመታዊ ዝናብ ሥርጭትን የሚያሳየው ነው። በዚህ ካርታ ላይ የኢሉባቦር ደጋማ ምድር በጠቆረ ቀለም ተቀብቶ ይገኛል። ጎሬ ላይ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከ1,800 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ከመቱ እስከ ሁሩሙና ያዩ ያለው አገር ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ወንዙ በበጋ የማይነጥፍ ነው። ተማሪው ይህን ካርታ ከተመለከተ በኋላ «ድርቅ የሚያጠቃው የትኛውን የአገሪቱን ክፍል ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጣቱን ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ያመለክታል፤ ትክክልም ነው። «ችግር የማያሰጋው አገርስ የትኛው ነው?» ቢባል ግን ጣቱ ወደ ኢሉባቦር መመለሱ አይቀርም። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስሕተቱ የተማሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ በፈተና ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ታርሞ በቀረ ነበር። ዳሩ ግን በ1977 ዓ.ም. የብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ዕጣ የተወሰነው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ድርቅ ካለበት ወደ ሌለበት የተወሰደ ሰው ከስጋት የወጣ ተደርጎ ተቆጠረ። የተፈጥሮ አደጋን መረጃ ከሕዝቡ ማኅበራዊና ኤኮኖሚያዊ ሁኔታ ጋር አዋሕዶ ስጋትን መለካት ዛሬ በእቅድ አውጪዎች ዘንድ የተለመደ ቋንቋ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚዋሐዱት እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ገና ያልተፈታ ነው። ጥያቄውንም ለመመርመር ከኢሉባቦር የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ምክንያቱም በአደጋው ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የታየ አገር ሰዎች የሞቱበት አገር ሆኖ ተገኝቷልና ነው።

መጽሐፉ

በኢትዮጵያ ምሁራን መካከል ከዚህ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት የተጋፈጡት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ያረፉት ፕሮፌሰር መስፍን በዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ በአትላሳቸውና በመማሪያ መጽሐፋቸው አያሌ መምህራንን ያነጹ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ባሉት ሃያ ዓመታት የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ የተጋለጠበትን ሁኔታ የሚመረምር ነው። የሰባ ሰባቱ ረሃብ አገሪቱን ባጠለቀለቀበት ወቅት ለንባብ የበቃ በመሆኑ ብዙ አንባቢ እንደ ትንቢት ሊመለከተው ሞክሯል። ትንቢት ግን አልነበረም፤ የሃያ ዓመት መዝገብ ተገልጦ የተነበበበት ሥራ ነው።

የመጽሐፉ ዋነኛ ክርክር አጭርና ግልጽ ነው። ረሃብን ዝናብ ማጣት ብቻውን አያመጣውም። ገበሬው የሚኖርበት ሥርዓት ሦስት ወገን አለው፦ የገበሬው የራሱ ዓለም፣ የተፈጥሮ ኃይላት፣ የማኅበራዊ፣ የኤኮኖሚና የፖለቲካ ኃይላት። ገበሬው ምርቱ በግብር፣ በኪራይና በዕዳ እየተራቆተበት፣ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ ሳይኖረው፣ የሚደርስበትን ለመከላከል ሥልጣንም ሆነ ድምፅ ሳይኖረው ሲቀር፣ አንድ የዝናብ መዛባት ይበቃዋል። ድርቁ ክብሪት እንጂ ማገዶው አይደለም።

በዚህ ረገድ መጽሐፉ ብቻውን አልነበረም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት የድህነትና የረሃብ ጥናታቸው የወሎን የ1965 ዓ.ም. ረሃብ ሲመረምሩ፣ ሰዉ በሚያልቅበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር አመልክተዋል። እህሉ በገበያ ላይ ነበር፤ የጠፋው የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ከሴን የሚለዩት ገበያውን ብቻ ሳይሆን መንግሥቱንም ከችሎቱ ፊት ማቆማቸው ነው። ለእቅድ አውጪ አንባቢ ይህ የመጽሐፉ ክፍል የማይመች ሊሆን ይችላል። ጥንካሬው ያለውም እዚያው ላይ ነው።

ሁለት ጉድለቶች

መጽሐፉን ከመቱ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ።

አንደኛው የተጋላጭነት ምልክት ሆኖ የሚያገለግለው ያለፈው የረሃብ ታሪክ መሆኑ ነው። ረሃብ ደጋግሞ የተመዘገበበት አውራጃ ተጋላጭ ይባላል፤ ያልተመዘገበበት ደግሞ ከቁጥር ይወጣል። ይህ አሠራር በመረጃ እጥረት ዘመን አማራጭ አልነበረው ይሆናል። ነገር ግን ተጋላጭነት ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ያለ ሁኔታ እስከ ሆነ ድረስ፣ በደረሰ ጉዳት ብቻ መለካቱ በሽተኛን በመቃብር ብዛት እንደ መቁጠር ነው። ጉድለቱ ከመጽሐፉ ጋር አላበቃም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ወረዳዎችን የመረጠው ባለፉት ዓመታት ዕርዳታ ሲቀበሉ በመቆየታቸው መነሻነት ነው። ዕርዳታ ያልደረሰው ወረዳ ዕርዳታ የማያስፈልገው ሆኖ ተነበበ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ አንድ ጥፋት፣ ስለ ረሃብ፣ ብቻ ነው። ይህን የአርእስቱ ወሰን ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይሁንና መጽሐፉ የሚነሣበትን ዓመት ልብ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1958 ትግራይ በረሃብ ስትመታ፣ በዚያው ዓመት ክረምትና መኸር ላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የደጋ አገር ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ወረርሽኙን ያባባሰው ከተለመደው የበለጠ ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት ነበር። እንግዲህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ ለአንዱ የዝናብ ማነስ ለሌላው የዝናብ መብዛት ሞት ሆነ። ወባ በቆላ ብቻ ያለ ነው ብሎ የሚያስብ ደገኛ የሰውነት መከላከያም ሆነ ልምድ አልነበረውም። መቱም ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን ማስታወስ ይጠቅማል።

ስለዚህ «ተጋላጭ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሲቀርብ መልስ የለውም። «ለምን ተጋላጭ?» ሲታከልበት ብቻ ትርጉም ያገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ዕርዳታ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ይህን በሚገባ ተረድተውት ነበር። በእነርሱ አተረጓጎም ተጋላጭነት ማለት መጠኑ የታወቀ አንድ የተፈጥሮ ክስተት ቢደርስ የሚከተለው የጉዳት ደረጃ ነው። ሚዛኑ ሁልጊዜ ከአንድ ከተወሰነ አደጋ ጋር የታሰረ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የማኅበራዊ ተጋላጭነት መለኪያዎች ግን፣ ለምሳሌ ሱዛን ከተርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካ አውራጃዎች ያዘጋጁት፣ ይህን ማሰሪያ ፈትተው ድህነትን፣ ዕድሜን፣ የመኖሪያ ቤትን ዓይነትና የመሳሰሉትን ደምረው ለማንኛውም አደጋ የሚያገለግል አንድ ቁጥር ሰጡ። ለአሠራር ይቀላል። በኢሉባቦር የሆነው ግን የቀለለው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ያሳያል።

የሰባ ሰባቱ ሰፈራ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስደው ሰፈሩ። ከወለጋ ቀጥሎ ብዙ ሰፋሪ የተቀበለው የዚያን ጊዜው የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ እርሱም ጋምቤላን ያጠቃልል ነበር። ከሰፋሪዎቹ መካከል በፈቃዱ የተነሣ አልጠፋም። ሳይወድ በግዱ የተጫነ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ የተለየ ግን ብዙ ነው። በጋምቤላ ቆላ መደበኛ የሚባለው ትልልቅ ሰፈራ ሲቋቋም፣ በደጋማው የኢሉባቦር ወረዳዎች በአመዛኙ «ስግሰጋ» ተብሎ በተጠራው ስልት ሰፋሪው በነባሩ ገበሬ መካከል እንዲገባ ተደረገ። ጎጆውን የሠራለትም፣ የመጀመሪያውን መሬት ያረሰለትም ነባሩ ገበሬ ነው።

በእቅዱ ሒሳብ ላይ ይህ ሁሉ ትክክል ይመስል ነበር። የተፈጥሮ አደጋ የሚለው ዓምድ ድርቅን ብቻ የያዘ ስለ ነበር፣ ሰፋሪው መቱን አልፎ ሲወርድ ዓምዱ ባዶ ሆነ። ሰፋሪው ግን ባዶ እጁን ነበር የመጣው። በሬው በድርቁ አልቋል ወይም ተሸጧል፤ ሰውነቱ በረሃብ ተጎሳቁሏል፤ ዘመድ የለውም። የለመደው ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ሲሆን የቀረበለት በቆሎና ጎደሬ ነው። ጎደሬን አላጥቦና አብስሎ መብላት እንኳ ዕውቀት ይፈልጋል። ከደጋ ለመጣ ሰው ወባው አዲስ ነው። በቆላው ሸለቆ የገንዲ ዝንብ በሬ አያስቆምም። በደኑ ዳር የተዘራውን ዝንጀሮና የዱር አሳማ ይጨርሰዋል፤ ነባሩ ገበሬ ማማ ሠርቶ ሌሊት የሚጠብቀው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው ሞተ፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከዚያም በኋላ ብዙው ጠፍቶ ወደ ትውልድ አገሩ ለመመለስ ሞከረ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ሰፈራው በአያሌ ቦታ ባዶ ቀረ።

እዚህ ላይ የተለመደው ፍርድ «ጥናት አልተደረገም» የሚል ነው። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የራሱ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ክፍል ነበረው፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለችግር እንደሚጋለጥም በመጋቢት 1976 ዓ.ም. አስታውቆ ነበር። የዝናቡም የሰብሉም የሕዝቡም መረጃ በየበኩሉ ነበር። የጎደለው መጋጠሚያው ነው። የሰፋሪው ድህነት በወሎ መዝገብ፣ የወባው ሁኔታ በጤና ጥበቃ መዝገብ፣ የገንዲው ጉዳይ በእንስሳት ሕክምና መዝገብ ተቀምጦ ቀርቷል። የነባሩ ገበሬ ጫናስ? እርሱ በየትኛውም መዝገብ አልነበረም። ለሌላው ጎጆ ሲሠራና ሲያርስ የራሱን ቡና የሚለቅምበት ጊዜ ያለፈበት፣ ደኑና የግጦሽ መሬቱ የተቀነሰበት የቀበሌ ገበሬ ከሰፈራው በፊት ከነበረው ይልቅ ተጋላጭ ሆኗል። ስጋት ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፏል ማለት ነው፤ የሚያስተላልፈው ሥራ ደግሞ ዕርዳታ ተብሎ ተመዝግቧል።

የድምርና የብዜት ነገር

ሁለቱን መረጃዎች ማዋሐድ ሲባል በተግባር ከሁለት አንዱ ይደረጋል፤ ወይ ይደመራሉ ወይ ይባዛሉ። ልዩነቱ የሒሳብ መምህርን የሚያስደስት ብቻ ሳይሆን እህሉ ወዴት እንደሚጫን የሚወስን ነው። ለምሳሌ ያህል ሦስት ወረዳዎች ይታሰቡ። ለአደጋውም ለተጋላጭነቱም ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጥ። ወረዳ «ሀ» አደጋው 9፣ ተጋላጭነቱ 1 ነው። ወረዳ «ለ» 5 እና 5 ነው። ወረዳ «ሐ» አደጋው 2፣ ተጋላጭነቱ 9 ነው። ሲደመሩ 10፣ 10 እና 11 ይሆናሉ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ ማለት ነው። ሲባዙ ግን 9፣ 25 እና 18 ይመጣል። ጠንካራ አደጋ ያለበት ነገር ግን የደረጀው «ሀ» ወደ መጨረሻ ይወርዳል። ዛሬ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ የሚሠራበት «ኢንፎርም» የተባለው የስጋት መለኪያ ሦስት ዘርፎችን፣ ማለትም አደጋን፣ ተጋላጭነትንና የመቋቋም ዐቅም ማጣትን፣ አባዝቶ የኩብ ሥር የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዜት ከድምር ይሻላል። ግን ብዜት የራሱ ወጥመድ አለው፤ እርሱም ዜሮ ነው። ድርቅ ብቻ አደጋ ተብሎ ሲቆጠር የኢሉባቦር ነጥብ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ተጋላጭነቱ 10 ቢሆን እንኳ ብዜቱ ዜሮ ነው። ዜሮውን የሰጠው ተፈጥሮ አይደለም፤ የትኛው ነገር አደጋ ተብሎ እንዲቆጠር የመረጠው ሰው ነው። በሌላ በኩል ወባ፣ ገንዲ፣ ጎርፍና የቡና በሽታ ሁሉም ተጨምረው አማካያቸው ቢወሰድ፣ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። መፍትሔው አንድ ትልቅ ቁጥር መፈለግ ሳይሆን ለእያንዳንዱ አደጋ የየራሱን ተጋላጭ ማኅበረሰብ ፈልጎ ማግኘትና ብዜቱን ለየብቻ ማውጣት ነው። ወሎዬው ገበሬ ለድርቅ በወሎ፣ ለወባ በኢሉባቦር ተጋላጭ ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ ሒሳቡ ግን ሁለት ነው።

ጨዋቃና ቡና

ከሰባ ሰባቱ የተማረ ነገር የለም ማለት አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የታቀደው ሁለተኛው ሰፈራ በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር ያለመ ሲሆን፣ ከክልል ክልል ማዛወርን ትቶ በየክልሉ ውስጥ እንዲፈጸም፣ በፈቃድ እንዲሆን፣ ሰፋሪውም በትውልድ ቦታው ያለው መሬት እስከ ሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተደንግጎ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ስለ ተጋላጭነት የተገነዘበ አንቀጽ ነው፤ መመለሻ ያለው ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ አማራጭ አለውና። በዚሁ እቅድ በ1996 ዓ.ም. ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የመጡ ገበሬዎች በዴዴሳ ሸለቆ፣ በጨዋቃ፣ ሰፈሩ። ቦታው ያን ጊዜ በኢሉባቦር ዞን ሥር የነበረ ሲሆን ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ይገኛል። መሬቱ ሰጠ፤ በቆሎውና ማሽላው ጥሩ ሆነ። ዳሩ ግን ወባውና ገንዲው እንደ ቀድሞው ጠበቋቸው፤ ደኑም ለእርሻና ለማገዶ ተመነጠረ። ቋንቋና ሃይማኖት የሚጋሩት ዘመዳሞች በአንድነት መስፈራቸው ከሰባ ሰባቱ ሰፋሪ ይልቅ እንዲጸኑ እንደ ረዳቸው ግን መካድ አይቻልም። መተጋገዝ በየትኛውም የአደጋ ካርታ ላይ አይሳልም።

ስለ ነባሩ የደጋ ገበሬ የሚነሣው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ነው። በመቱ፣ በያዩ፣ በአልጌና በበደሌ ዙሪያ ያለው ገበሬ የሚፈራው ድርቅን ሳይሆን የቡናን ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት ኮታው ሲቋረጥ ዋጋው ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ደግሞ የአንድ ፓውንድ ቡና የዓለም አማካይ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ሰማዩ እንደ ወትሮው ዘንቧል፤ ዛፉም እንደ ወትሮው አፍርቷል። ይህን «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት የለም። ሆኖም ክረምት ላይ የበቆሎው ጎተራ ሲራቆት ቡናውን በዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ ቀድሞ በርካሽ የሚሸጥ አባወራ፣ በዚያው ወቅት ልጁ በወባ ቢወድቅበት መድኃኒት የሚገዛበት የለውም። የዋጋ መውደቅ ለወባ መጋለጥ ይሆናል። ሁለቱ መረጃዎች የሚገናኙት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

በተቃራኒው እውነተኛ የተፈጥሮ አደጋ በሥራ ሊገታ እንደሚችል የሚያሳየውም እዚሁ አገር ነው። የቡና ፍሬ አጠውላጊ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ሲታይ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከገበሬው ማሳ መርጠው ሰበሰቡ። ከተገኙት መካከል 74110፣ 74112 እና 74148 የሚባሉት ከመቱ ቢሻሪ የተወሰዱ ናቸው፤ ከቁጥራቸው ፊት ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። የኢሉባቦር ገበሬ ማሳ በሽታው የመታው ቦታ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ የተገኘበትም ነው።

የዝናቡም ነገር ቢሆን በኢሉባቦር አያበቃም። ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል። በመቱና በጎሬ ደጋ የሚጥለው ዝናብ ጋምቤላንና ኢታንግን ያጥለቀልቃል፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የደረሰው ጎርፍ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። አደጋው የሚወለደው በአንዱ ዞን፣ የሚጎዳው በሌላው ክልል ነው። ወረዳን በወረዳ ለይቶ የሚመዝን ጥናት ይህን ሊያይ አይችልም።

ይህም ሆኖ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በግብርና ሚኒስቴር ሥር የተጀመረው የወረዳ አደጋ ስጋት ገጽታ ጥናት ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ቤተሰብ መጠይቅ መውረዱ ታላቅ እርምጃ ነው። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲም አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ ስጋቱን ወደ መቀነስ መዞርን ይደነግጋል። ቅር የሚያሰኘው መጠይቁ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለዓመታት መቆየቱ ነው። ተጋላጭነት ግን እንደ ተራራ የቆመ ነገር አይደለም። በሐምሌ ያለው በጥር ካለው ይለያል።

በየትምህርት ቤቱ ያለ መረጃ

በየወሩ የሚለዋወጥ መረጃ ከየት ይምጣ? የጎሬ የአየር ጠባይ ጣቢያ ስለ ጎሬ ይናገራል፤ ስለ ዴዴሳ ሸለቆ አይናገርም። የዝናብ መለኪያ የሌለው ቀበሌ ብዙ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌለው ቀበሌ ግን ዛሬ ጥቂት ነው፤ በእያንዳንዱም በየቀኑ የሚሞላ የስም መጥሪያ መዝገብ አለ። በኢሉባቦር ትምህርት በመስከረም ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ መሳሳት ይጀምራል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባው የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማው ነው። ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ወር ይደራረባሉ። መዝገቡ ሁለቱንም በአንድ «ቀሪ» ምልክት ያልፋቸዋል።

ከቆላው ጎጥ የመጡት ልጆች በሕመም፣ ከደጋው ጎጥ የመጡት በለቀማ የሚቀሩ ከሆነ፣ ይህ አደጋና ተጋላጭነት በቤተሰብና በወቅት ደረጃ ተጋጥመው የሚታዩበት ሰነድ ነው። መምህሩ ከቀሪው ምልክት ጎን «ሕ» ለሕመም፣ «ለ» ለለቀማ፣ «ስ» ስንቅ በማጣት ለቀረው ቢጽፍ፣ የጂኦግራፊ ክፍል ተማሪዎችም በወሩ መጨረሻ በየጎጡ ቆጥረው ከጤና ጣቢያው የወባ ቁጥርና ከገበያው የበቆሎና የቡና ዋጋ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ከመቱ እስከ ዳሪሙ ባሉት ትምህርት ቤቶች ለሦስት ዓመት ቢሠራበት፣ እቅድ አውጪው እስከ ዛሬ ያላገኘውን ዓይነት መረጃ ያገኛል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ግን አሉ። በ1977 ዓ.ም. የስም ዝርዝር ሰዎችን ለመጫን አገልግሏል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የሚወጣው የየጎጡ ድምር ብቻ መሆን አለበት፤ የልጅም የወላጅም ስም ከመዝገቡ መውጣት የለበትም። ሌላው ደግሞ መዝገቡ የሚቆጥረው የተመዘገበውን ልጅ ብቻ መሆኑ ነው። በመስከረም ያልመጣው፣ በሰው ቤት እረኛ ሆኖ የተቀጠረው፣ ከሰፈራው ጠፍተው የተመለሱ ሰዎች ትተውት የሄዱት ልጅ በዚህ ሠንጠረዥም ላይ ዜሮ ነው። የእርሱን ቁጥር ለማግኘት መምህሩ መዝገቡን ይዞ ወደ ጎጡ መውረድና ቤት ለቤት መጠየቅ ይኖርበታል፤ ለዚህም የሚስማማው ወቅት ለቀማው ሳይጀመርና መንገዱ ሳይደርቅ ያለው የመስከረም ሳምንት ነው።